ከመሣሪያው ሥር ያለው ቆዳ፦ የነርሶች ሥልጠና ጉዳትን የሚከላከለው መቼ ነው?

ለምክር ቤት አባላት አማካሪዎችና ለማኅበረሰብ ተሟጋቾች የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል

የመኝታ ቁስል ሲባል የሰው ሐሳብ በቀጥታ ወደ ፍራሽ ይሄዳል። ሳይገላበጥ የከረመ ሕመምተኛ፣ የተላጠ ጀርባ፣ የጠቆረ ተረከዝ ይታሰባል። ስሙ ራሱ ጥፋተኛው አልጋው ነው የሚል ይመስላል። ይሁን እንጂ በዛሬው ሆስፒታልና በአረጋውያን መንከባከቢያ ከሚደርሰው የዚህ ዓይነት ጉዳት ውስጥ ቀላል የማይባለው ክፍል ከአልጋው ጋር ግንኙነት የለውም። ምንጩ ሕመምተኛውን ለማዳን በአካሉ ላይ የተደረገው መሣሪያ ነው፤ ከጆሮ ኋላ የሚያልፈው የኦክስጅን ቱቦ፣ በአፍንጫ ላይ የሚጠብቀው የመተንፈሻ ጭምብል፣ የአንገት መደገፊያው፣ ጀሶው፣ በአፍንጫ የገባው የምግብ ቱቦ፣ የሽንት ቱቦው።

አንድ ምሳሌ ይወሰድ። የ78 ዓመት እናት በሳንባ ምች ሆስፒታል ገቡ እንበል። ኦክስጅን በአፍንጫ ይሰጣቸዋል። በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣሉ፣ ጀርባቸውና ተረከዛቸው ይታያል፣ መዝገቡ በሥርዓት ይሞላል። ነርሷ በገባች ቁጥር «እንዴት ነዎት?» ስትል እርሳቸውም «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። በአራተኛው ቀን ልጃቸው ጸጉራቸውን ልታበጥር ሻሻቸውን ስትፈታ፣ ከጆሯቸው ኋላ ቱቦው ያረፈበት ቦታ በቱቦው ልክ ተቆርጦ ታገኘዋለች። በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ትእዛዙ ተፈጽሟል፣ ሰዓቱ ተጠብቋል። የጎደለው ቱቦውን አንሥቶ ከሥሩ ያየ ሰው ነው።

የዚህ ንግግር ጭብጥ ከዚሁ ይነሣል። ነርሶችንና የነርስ ረዳቶችን ማሠልጠን ይህን ጉዳት ለመከላከል የግድ ያስፈልጋል። ነገር ግን ሥልጠናው ጊዜ፣ ቁሳቁስ፣ ሥልጣንና ቆጠራ ካልታከሉበት የምስክር ወረቀት ከመስጠት አያልፍም። ሕግ አውጪዎች የሚጠየቁትም የሥልጠና ሰዓት ብቻ እንዲጨምሩ ሳይሆን ሥልጠናው የሚሠራበትን ሁኔታ እንዲያሟሉ ነው።

ጉዳቱና መጠኑ

በአሜሪካ የዘርፉን መለኪያ የሚያወጣው ብሔራዊ አማካሪ ፓነል እ.ኤ.አ. በ2016 «የግፊት ቁስል» የሚለውን ስያሜ «የግፊት ጉዳት» በሚል ተካው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ቆዳው ሳይከፈት፣ ቁስልም ሳይታይ በውስጥ ያለው ሥጋ ሊጎዳ ይችላል። በዚያው ጊዜ በሕክምና መሣሪያ ምክንያት የሚመጣው ጉዳት ራሱን የቻለ ትርጉም ተሰጠው። ለምርመራ ወይም ለሕክምና ከተደረገ መሣሪያ የሚመጣና ብዙውን ጊዜ የመሣሪያውን ቅርጽ ይዞ የሚወጣ ጉዳት ማለት ነው። የአፍ፣ የአፍንጫና የሽንት መውጫን በመሰሉ ስስ ሽፋኖች ላይ የሚደርሰውም ለብቻው ተለየ፤ የእነዚህ ሽፋኖች አሠራር ከቆዳ ስለሚለይ ግን ጉዳታቸው እንደ ቆዳ ቁስል ከአንድ እስከ አራት ደረጃ አይሰጠውም። ይህች ትንሽ የምትመስል ነጥብ ኋላ ስለ ቆጠራ ሲነሣ ትልቅ ሆና ትመለሳለች።

የጉዳቱ አመጣጥ ውስብስብ አይደለም። ፕላስቲክና ጎማ ከቆዳ ይልቅ ደረቅ ናቸው፤ ሲጫኑት ቆዳው ይጎብጣል፣ ሕዋሳቱ ይጨፈለቃሉ፣ ደም ይቀንሳል። ከጭምብሉ ሥር ላብና እርጥበት ይጠራቀማል፤ የራሰ ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይላጣል። በዚህ ላይ እብጠት ይጨመራል። በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ የተሰጠው ሕመምተኛ ጠዋት በልኩ የነበረው ማሰሪያ ማታ ያንቀዋል። መሣሪያውን የነካው ሰው የለም፤ ሰውነቱ ግን አብጦ መሣሪያውን አጥብቆታል።

ይህ እውቀት ለኢትዮጵያውያን አድማጮች እንግዳ አይደለም። የተሰበረ እግር በወጌሻ እጅ በቀርከሃ ተጠፍሮ ሲታሰርና ማሰሪያው ከልክ በላይ ሲጠብቅ፣ ደም ተቋርጦ እግሩ እስከ መቆረጥ ሊደርስ እንደሚችል የማይታወቅበት አገር የለም። በኢትዮጵያ ያሉ ሐኪሞችም በተለይ በሕፃናት ላይ የሚደርሰውን ይህን አደጋ በጽሑፍ መዝግበውታል። የሁለቱ ጉዳቶች መንገድ በትክክል አንድ ባይሆንም ትምህርታቸው አንድ ነው፤ ለመጠገን የታሰረ ነገር እብጠት ሲመጣ ካልላላ ራሱ ጉዳት ይሆናል።

መጠኑን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ጆይስ ብላክና ባልደረቦቿ በ2,079 የሆስፒታል ሕመምተኞች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳትመው ነበር። በሆስፒታል ቆይታቸው የግፊት ቁስል ከያዛቸው 113 ሰዎች መካከል የ39ኙ፣ ማለትም የ34.5 በመቶው፣ ከሕክምና መሣሪያ የመጣ ነበር። መሣሪያ የተደረገለት ሰው ማንኛውም ዓይነት የግፊት ቁስል የመያዝ ዕድሉም 2.4 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሌላ የጥናቶች ግምገማ ከ126,000 በላይ ሕመምተኞችን ያካተቱ 29 ጥናቶችን አሰባስቦ፣ ከመሣሪያ የሚመጣው ጉዳት በአማካይ ከመቶ ሰው 10 ያህሉ ላይ እንደሚገኝ ገምቷል።

በገንዘብ ሲታይም ጉዳዩ የበጀት ጉዳይ ነው። የፌዴራሉ የጤና አጠባበቅ ምርምርና ጥራት ኤጀንሲ በአሜሪካ በየዓመቱ 2.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የግፊት ቁስል እንደሚይዛቸው ይገልጻል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ስሌት ደግሞ በሆስፒታል ውስጥ የሚመጣው የግፊት ጉዳት ብቻ በዓመት ከ26.8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሊያስወጣ እንደሚችል አመልክቷል። እነዚህ ቁጥሮች ከአልጋም ከመሣሪያም የሚመጣውን በአንድ ላይ የያዙ ናቸው፤ የመሣሪያው ድርሻ ለብቻው አለመታወቁ ራሱ የችግሩ አካል ነው።

ጥቁር ቆዳና ያልታየው ምልክት

ነርሶች የሚማሩት የመጀመሪያ ምልክት መቅላት ነው። ቆዳው ይቀላል፤ በጣት ሲጫኑት ካልነጣ ጉዳቱ ጀምሯል ይባላል። ይህ ትምህርት በነጭ ቆዳ ላይ የተመሠረተ ነው። በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ፣ ተጭነው ሲለቁትም መንጣቱ ላይለይ ይችላል። የአማካሪ ፓነሉ ትርጉም ራሱ የመጀመሪያው ደረጃ በጥቁር ቆዳ ላይ በተለየ መልክ ሊታይ እንደሚችል ይናገራል። በማስተማሪያ ሥዕሎችና በተግባር ልምምዶች ግን ይህ ማሳሰቢያ ከአንድ ዓረፍተ ነገር አይዘልም።

ውጤቱ በመረጃ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት በአረጋውያን መንከባከቢያ የሚኖሩና ለአደጋው ይበልጥ የተጋለጡ ነዋሪዎችን ተከታትሏል። እ.ኤ.አ. በ2003 የግፊት ቁስል ከጥቁር ነዋሪዎች በ16.8 በመቶው፣ ከነጭ ነዋሪዎች ደግሞ በ11.4 በመቶው ላይ ተገኝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ሁለቱም ቀንሰው 14.6 እና 9.6 በመቶ ደረሱ። መሻሻሉ ለሁለቱም መጣ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን አምስት ነጥብ ያህል ሆኖ ጸና። ጥናቱ የልዩነቱ አንዱ ምንጭ የመንከባከቢያው ተቋም ራሱ መሆኑንም አሳይቷል፤ ጥቁር ነዋሪዎች በሚበዙባቸው ተቋማት ቁስሉ ለሁሉም ይበዛ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ የዓይን ብቻ ሳይሆን የተቋም አቅምም ነው።

ለሕግ አውጪዎች የሚጠቅም ቅርብ ምሳሌ አለ። በጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በጥቁር ቆዳ ላይ ሊሳሳት እንደሚችል ለረጅም ጊዜ ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 አንድ ጥናት መለኪያው የማያሳየው የኦክስጅን ማነስ በጥቁር ሕመምተኞች ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ያህል እንደሚደጋገም ካሳተመ በኋላ፣ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2021 ማስጠንቀቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ አምራቾች መለኪያውን በተለያየ የቆዳ ቀለም ላይ እንዲፈትሹ የሚጠይቅ ረቂቅ መመሪያ አወጣ። ጉዳዩ በቁጥር ተቆጥሮ በሕዝብ ፊት ሲቀርብ መንግሥት ተንቀሳቅሷል። ከመሣሪያ ሥር ያለው ቆዳም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ሥልጠና ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት

እዚህ ላይ ለተሟጋቾች የማይመች አንድ እውነት መነገር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2018 በኮክሬን የታተመ ግምገማ የጤና ባለሙያዎችን ማስተማር በራሱ የግፊት ቁስልን ይቀንስ እንደሆነ መርምሮ፣ ከተገኙት ጥቂት ጥናቶች እርግጠኛ መልስ መስጠት አልቻለም። የማስረጃው ጥንካሬ እጅግ ዝቅተኛ ነበር። ይህ ማለት ሥልጠና አይጠቅምም ማለት አይደለም። ነገር ግን «ሠልጥነዋል» የሚለው ቃል ብቻውን ለሕመምተኛው ቆዳ ዋስትና እንዳልሆነ ያስገነዝባል።

ምክንያቱን በሥራው ቦታ ማየት ይቻላል። ነርሷ ጭምብሉ አፍንጫውን እየጎዳው መሆኑን ታውቃለች፤ ነገር ግን የመሣሪያው ኃላፊ የመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያው ነው፣ እርሱም ሌላ ፎቅ ላይ ነው። የነርስ ረዳቷ ስታጥባቸው ከቱቦው ሥር ትኩስና የጠነከረ ቦታ በእጇ ይሰማታል፤ ነገር ግን ቱቦ የመንካት ፈቃድ የላትም፣ የተናገረችውም በመዝገብ አይሰፍርም። ለስላሳው የሲሊኮን መሸፈኛ በሌላ ክፍል ተቆልፎበታል። በእጇ ያሉት ሕመምተኞች ብዛት ደግሞ ለአንዱ አሥር ደቂቃ እንድትሰጥ አይፈቅድላትም። ይህች ሠራተኛ እውቀት አልጎደላትም። እውቀቷን የምታውልበት መንገድ ነው የተዘጋባት።

በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሚኒሶታ፣ በሲያትልና በሌሎችም ከተሞች ብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች በዚህ ሥራ ላይ መሰማራታቸው ይታወቃል። የሕመምተኛውን ገላ በየቀኑ የሚያጥቡት፣ የሚያገላብጡት፣ ልብሱን የሚቀይሩት እነርሱ ናቸው። ቆዳውን ከሐኪሙም ከነርሷም በፊት የሚያዩት የእነርሱ ዓይኖች ናቸው። የሥልጠና ፖሊሲ ከእነርሱ ካልጀመረ ከመጨረሻው ጫፍ ጀመረ ማለት ነው።

የሚሠራ ሥልጠና ምን ይዟል?

ዓለም አቀፉ መመሪያና የዘርፉ ባለሙያዎች የተስማሙባቸው ነጥቦች ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም። በአልጋው አጠገብ፣ በእውነተኛ መሣሪያና በእጅ የሚሰጡ ልምምዶች ናቸው።

የመጀመሪያው ማንሣት ነው። እ.ኤ.አ. የ2014ቱ ዓለም አቀፍ መመሪያ ከመሣሪያው ሥርና ዙሪያ ያለው ቆዳ ቢያንስ በቀን ሁለት ጊዜ እንዲታይ ይመክራል፤ እብጠት ያለበት ሰው ከዚያም በላይ ሊታይ ይገባዋል። ሠልጣኙ የትኛውን መሣሪያ ብቻውን ማንሣት እንደሚችል፣ ለየትኛው ሁለተኛ ሰው እንደሚያስፈልገው፣ የትኛውን ደግሞ መንካት እንደሌለበት ለይቶ ማወቅ አለበት። የኦክስጅን ቱቦን ከጆሮ ላይ ማንሣት ቀላል ነው። የአንገት መደገፊያ ሲፈታ ግን ሌላ ሰው ራስንና አንገትን ቀጥ አድርጎ መያዝ ይኖርበታል። በጉሮሮ የገባ የመተንፈሻ ቱቦ ከከንፈር አንዱ ጎን ወደ ሌላው ሲዛወር የሠለጠኑ ሁለት ሰዎች ይጠይቃል፤ ስህተቱ ትንፋሽን ያቋርጣልና።

ሁለተኛው በጥቁር ቆዳ ላይ ማየትና መንካት ነው። በቂ ብርሃን፣ ቢቻል የቀን ብርሃን ያስፈልጋል። ቆዳው በጥቂቱ ሲርስ የቀለም ልዩነቱ ይበልጥ ይታያል። የተጠረጠረው ቦታ ከጎኑ ካለው ወይም ከሌላኛው ጎን ካለው ተመሳሳይ ቦታ ጋር ይነጻጸራል፦ አንደኛው ጆሮ ከሌላኛው፣ ቀኙ ጉንጭ ከግራው። ከቀለም በላይ ግን እጅ ይናገራል፤ ቦታው ከአካባቢው ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል፣ ጠንክሯል ወይስ ረግቧል፣ ሲነካ ያማል ወይ?

ሦስተኛው ልክንና መሸፈኛን ማወቅ ነው። ብዙው ጉዳት የሚመጣው ከመጠኑ ካልሆነ ጭምብልና ከልክ በላይ ከተሳበ ማሰሪያ ነው። ለስላሳ ፎም ከመሣሪያው ሥር ማድረግ ግፊቱን ያሰራጫል፣ እርጥበቱንም ይቀንሳል። ነገር ግን ቀድሞውኑ በጠበቀ መሣሪያ ሥር መሸፈኛ መደራረብ በጠባብ ጫማ ውስጥ ወፍራም ካልሲ እንደ መጨመር ነው፤ ግፊቱን ያብሰዋል። ሠልጣኙ ይህን በራሱ ፊት ላይ ጭምብሉን አስሮ ቢሞክረው ከመቶ ገጽ ማብራሪያ ይልቅ ይገባዋል።

አራተኛው የመጠየቅ ጥበብ ነው። «እንዴት ነዎት?» የሚለው ጥያቄ ከአንድ ኢትዮጵያዊ አዛውንት «ተመስገን» ከሚል መልስ ሌላ አያመጣም፤ ሕመም የሌለ መስሎ ይመዘገባል። «ከጆሮዎ ኋላ ይቆረቁርዎታል? አፍንጫዎ ላይ ያቃጥልዎታል? የጠበቀዎት ነገር አለ?» ተብለው ቦታው በስም ሲጠየቁ ግን ይናገራሉ። ይህ ለነርሶች በቀላሉ ሊሰጥ የሚችል ትምህርት ነው።

አምስተኛው አደጋን የመመዘን ትምህርት ነው። በስፋት የሚሠራበት የብሬደን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲወጣ ስድስት ነጥቦችን ይዞ ነበር፤ የሕክምና መሣሪያ ከነጥቦቹ አንዱ አይደለም። ለሕፃናት የተዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው አዲሱ መለኪያ ግን የመሣሪያዎችን ብዛትና ሊነሡ ሊዛወሩ መቻላቸውን ይቆጥራል። አዋቂዎችን የምትንከባከብ ነርስ በመለኪያው ዝቅተኛ አደጋ ያሳየ ሰው መሣሪያ ካለበት አደጋ ላይ መሆኑን እንድታውቅ መማር ይኖርባታል።

ሕጉ የት ላይ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት በአረጋውያን መንከባከቢያ የሚሠራ የነርስ ረዳት ቢያንስ 75 ሰዓት ይሠለጥናል፤ ከዚያም በየዓመቱ ቢያንስ 12 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት ይወስዳል። ክፍላተ ግዛት ከዚህ በላይ መጠየቅ ይችላሉ፤ ካሊፎርኒያ 160፣ ሜይን 180 ሰዓት ያስገድዳሉ። የመጀመሪያው ሥልጠና የቆዳ እንክብካቤንና ማገላበጥን ይጠቅሳል። ዓመታዊው 12 ሰዓት ደግሞ የመርሳት ችግር ላለባቸው የሚደረገውን እንክብካቤና በደልን መከላከልን በስም ጠርቶ ያስገድዳል። ከመሣሪያ ሥር ያለ ቆዳ ግን በስሙ አልተጠራም። ለነርሶች የፈቃድ እድሳት የሚጠየቀውን ተከታታይ ትምህርት የሚወስኑት ክፍላተ ግዛት ስለሆኑ፣ እዚያም መንገዱ ክፍት ነው።

ክፍያን በተመለከተ፣ ሜዲኬር ከጥቅምት 1 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሆስፒታል ውስጥ ለመጣ የሦስተኛና የአራተኛ ደረጃ የግፊት ቁስል ተጨማሪ ገንዘብ አይከፍልም። ይህ ደንብ ሆስፒታሎችን አንቅቷል። ይሁን እንጂ ደረጃ የማይሰጠው የከንፈር ወይም የአፍንጫ ውስጥ ጉዳት በዚህ ቆጠራ ውስጥ ቦታ የለውም። ያልተቆጠረ ደግሞ በጀት አያገኝም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንዲሉ፣ ቁጥሩ ሳይታወቅ መፍትሔው አይመጣም።

ከብሪታንያ የሚወሰድ ቀላል ትምህርት አለ። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር፣ ከመሣሪያ የመጣ ቁስል ሲመዘገብ ከደረጃው ጎን አንድ መለያ ፊደል እንዲጨመርበት አድርጓል። አንዲት ፊደል ብቻ ናት፤ ነገር ግን ጥፋቱ ከፍራሹ ነው ወይስ ከጭምብሉ የሚለውን ጥያቄ ትመልሳለች፣ ሥልጠናው ወዴት መዞር እንዳለበትም ታመለክታለች።

ጊዜን በተመለከተ ደግሞ ነገሩ ወደኋላ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የፌዴራል ደንብ በአረጋውያን መንከባከቢያ ለአንድ ነዋሪ በቀን ቢያንስ 3.48 ሰዓት የነርስ እንክብካቤ እንዲሰጥ ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 በቴክሳስ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሻረው፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የወጣ ሕግም ተግባራዊነቱን እስከ 2034 አገደ። ስለዚህ ሥልጠናን የሚደግፍ ሰው የሠራተኛ ቁጥርን ጉዳይ በክፍላተ ግዛት ደረጃ ማንሣቱን መተው አይችልም። ቱቦ ለማንሣት እጅ፣ እጅም ጊዜ ይፈልጋል።

ቋንቋና ቤተሰብ

አማርኛ ብቻ ለሚናገር ሕመምተኛ አደጋው በእጥፍ ይጨምራል። የቆዳው ቀለም ምልክቱን ይሰውራል፤ ቋንቋው ደግሞ ሕመሙን። የጤና መድን ማሻሻያ ሕጉ አንቀጽ 1557 የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ የጤና ተቋማት ብቁ አስተርጓሚ በነጻ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ ልጆችን በአስተርጓሚነት መጠቀምንም ከድንገተኛ ሁኔታ በስተቀር ይከለክላል። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ በሚተገበርባቸው መሥሪያ ቤቶች ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በተግባር ግን አስተርጓሚ የሚጠራው ለቀዶ ሕክምና ፈቃድና ለምርመራ ውጤት ነው። ጠዋትና ማታ ቆዳ ሲታይ አስተርጓሚ የሚጠራ የለም። ለዚህም ትልቅ ዝግጅት አያስፈልግም፤ በአማርኛ የተጻፉ አምስት ጥያቄዎችና ጣት የሚያመለክትበት የሰውነት ሥዕል በአልጋው አጠገብ ቢሰቀሉ ብዙ ይሠራሉ።

ከሆስፒታል ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላም መሣሪያው አብሮ ይመጣል። ኦክስጅኑ፣ የእንቅልፍ መተንፈሻ ጭምብሉ፣ የሽንት ቱቦው በልጆችና በዘመድ እጅ ይውላል። ሲሰናበቱ ስለ መድኃኒቱ የሚነገረው ያህል ስለ ቆዳውም በቋንቋቸው ሊነገራቸው ይገባል።

የሚጠየቀው

ለምክር ቤት አባላትና ለአማካሪዎቻቸው የሚቀርቡት ጥያቄዎች አምስት ናቸው።

አንደኛ፣ ከዓመታዊው 12 ሰዓት ውስጥ በመሣሪያ ሥር ያለ ቆዳን መመርመር፣ ጥቁር ቆዳን ጨምሮ፣ በስሙ ተጠቅሶ በተግባር ልምምድ የሚሰጥ ግዴታ ይሁን። ክፍላተ ግዛት የፌዴራሉን ሳይጠብቁ በየራሳቸው ደንብ ሊያስገቡት ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ ከመሣሪያ የሚመጣ ጉዳት፣ ስስ ሽፋኖች ላይ የሚደርሰውን ጨምሮ፣ በተለየ መለያ ይመዝገብ፤ ቁጥሩም በዘርና በቋንቋ ተለይቶ ለሕዝብ ይውጣ።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ተቋም የትኛውን መሣሪያ ማን፣ መቼ፣ ከማን ጋር ማላላትና ማንሣት እንደሚችል በጽሑፍ ይወስን። የነርስ ረዳቷ ያየችውን የምትመዘግብበት ቦታ ይኑራት፤ ነርሷም በዚያው ፈረቃ መልስ እንድትሰጥ ግዴታ ይጣልባት።

አራተኛ፣ በሥልጠናው ላይ የተማሩት ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው ጭምብሎችና ለስላሳ መሸፈኛዎች ከአልጋው አጠገብ ይገኙ። እ.ኤ.አ. የ1990ው የሕክምና መሣሪያዎች ደኅንነት ሕግ ሆስፒታሎችና መንከባከቢያዎች መሣሪያ ያደረሰውን ከባድ ጉዳት እንዲያሳውቁ ያስገድዳልና፣ ሠራተኞች ይህን ግዴታ በሥልጠናው ውስጥ ይማሩት።

አምስተኛ፣ የቆዳ ምርመራ ጥያቄዎች በማኅበረሰቡ ቋንቋዎች ይዘጋጁ፤ አማርኛ ተናጋሪ ነርሶችና የነርስ ረዳቶችም በአዘጋጅነትና በአሠልጣኝነት ይሳተፉ፤ ለዚህም ይከፈላቸው።

ክቡራትና ክቡራን፣ አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በዚህ ጉዳይ ቅጠሉ እጅግ ቀላል ነው፤ አንዲት ሠራተኛ ጠዋትና ማታ ቱቦውን በሁለት ጣቷ አንሥታ ከሥሩ ታያለች፣ ትነካለች፣ ትጠይቃለች፣ ትመዘግባለች። ይህን እንድታደርግ ማስተማር የሰዓታት ሥራ ነው። ያስተማሯትን እንድትሠራ ጊዜውን፣ ዕቃውንና ቃሏ የሚሰማበትን ሥርዓት መስጠት ግን የሕግ ሥራ ነው። የእነዚያ እናት ልጅ ሻሻቸውን ፈትታ ከማየቷ በፊት ማየት የነበረበት ሥርዓቱ ነበር።